ዳማ ዝቅ ያለችበት በጋ

ቅዳሜ ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ የናፍጣና የአሮጌ ግራሶ ሽታ በመስኮት ገብቶ ቀሰቀሰኝ። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይዞ ይነጫነጭ ነበር፤ እኔ ግን ነጠላዬን እንደደረብኩ በረንዳው ላይ ወጥቼ፣ ሳላስበው፣ ከሞተች ሠላሳ ምናምን ዓመት የሆናትን እናቴን በዓይኔ ፈለግኋት። ሽታው የመጣው ከተከራዬ ከዮናስ ነው። ዮናስ እዚህ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ፣ ጨዋና ዝምተኛ ሰው ነው፤ አንድ እብደት ብቻ አለበት። ዘንድሮ ከአንድ ጡረተኛ ላይ አሮጌ ፒካፕ ገዝቶ፣ ያስተማረበትን ሱሪ እንኳ ሳይቀይር ሥሯ ተጋድሞ ይውላል። ደግሞ ምን ልታደርጋት ነው አልኩት። «ዝቅ ላደርጋት ነው እትዬ ሌንሴ፤ ዝቅ ስትል እኮ ነው ውበቷ የሚወጣው» አለኝ፣ ፊቱ እንደ ከሰል ሻጭ ጠቁሮ። ከአጠገቡ ጆንያ ላይ ከመኪናዋ ሥር የፈታቸው ቅስት ብረቶች ተደርድረዋል። ባሌስትራ ይባላሉ፤ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው መኪናን ከነጭነቷ የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ሳያቸው ከበረንዳው ወረድኩ።

«እነዚህን ብረቶች ምን ልታደርጋቸው ነው?» ብዬ ጮህኩበት። ለቀጥቃጭ እሰጣቸዋለሁ አለ። አንተ ሰው ጤናም የለህ እንዴ፣ አንዲት ብረት ከዚህ ግቢ አትወጣም፣ ክረምት ሲመጣ ትፈልጋቸዋለህ ብዬ እንደ ተማሪዬ ተቆጣሁት። ደነገጠ፤ ቁጣዬና ነገሩ አልመጣጠን ብለውት ነው መሰለኝ። እኔም አፈርኩና ማካካሻ ማንጎ ልቆርጥለት ቢላዬን አነሳሁ። ቢላዋው የእናቴ ነው፤ እጀታውን ከእንጨት ጠርቦ በመዳብ ሽቦ የጠመጠመው አባቴ ነው። የመጀመሪያውን ማንጎ ስሰነጥቅ እጀታው ቀጭ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ይህን ሁሉ ዓመት ያልከዳኝ እጀታ! ዮናስ ተቀበለኝና፣ አይዞዎት፣ ይቺን ቡሎን እንደጨረስኩ አስተካክልልዎታለሁ ብሎ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠው። በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። መዶሻው ብረቱን ኳ፣ ኳ ባደረገ ቁጥር ሆዴ ውስጥ ተኝቶ የኖረው ነገር ሁሉ ተነሳብኝ።

ያደግሁት ከባምባሲ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። አባዬ ገመቹ ከወለጋ የመጣ፣ እሁድ ቸርች ገብቶ ሳይዘምር የማይውል፣ በሥራ ቀን ደግሞ ማንጎና በቆሎ ወደ አሶሳ የሚያመላልስ ነጋዴ ነበር። መንደራችን ድብልቅልቅ ያለች ናት፤ በታች በኩል በርታዎቹ፣ በላይ በኩል በሠፈራ ከወሎ የመጡት፣ መሃል ላይ እኛ የወለጋ ሰዎች፤ ልጆቹ ደግሞ ሁላችንም የምንሰዳደበው በአማርኛ ነበር፣ ለስድብ የጋራ ቋንቋ ያስፈልጋላ! በዚያች መንደር ውስጥ ያለችው መኪና የአባዬ ፒካፕ ብቻ ስትሆን፣ ቀለሟ ቀላ ያለ ቡናማ ስለነበር እንደ ፈረስ ዳማ ብሎ ስም አውጥቶላት ነበር። ዳማ ቁመተ ረጅም ናት። ከመሬት በጣም ከፍ ብላ ስለምትቆም ዶሮዎቻችን ፀሐይ ሲበረታ ጫጩቶቻቸውን አስከትለው ሥሯ ይውሉ ነበር፤ ድንጋዩን ትዘለዋለች፣ ወንዙን ትሻገረዋለች፣ ማንጎ ተቆልሎ ሲጫንባት ከኋላዋ ጎንበስ ትልና አባዬ «ዝም በሉ፣ ዳማ ጸሎት ላይ ናት» ይለናል። እሱ ራሱ ገላውን ሳይታጠብ እሷን ያጥብ ነበር፤ እማዬም፣ እኔም እንደሷ አራት ጎማ ባወጣሁ ስትል ትቀልድበታለች።

እማዬን ጫልቱን ታዲያ ዳማ አትወዳትም ነበር ማለት ይቻላል። እማዬ በልጅነቷ ከበቅሎ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ፣ ወጌሻው አጣሞ ጠግኖት፣ ቀኝ እግሯ ከጉልበት በላይ አይነሳም። ስትራመድ ብዙም አያስታውቅ፤ ዳማ ጋቢና ውስጥ ለመውጣት ግን የአምላክ እርዳታ፣ አንድ የለስላሳ ሳጥን እና እኔ እናስፈልጋታለን። ሳጥኑን አስቀምጣለሁ፤ ትወጣበታለች፤ የበሩን መያዣ ትጨብጣለች፤ ከዚያ እኔ በሁለት እጄ ከኋላዋ እገፋታለሁ። ገብታ ስትቀመጥ በሩን ከውጭ እኔ እዘጋላታለሁ፣ ሳጥኑን ወደ ኋላ እወረውርና እንሄዳለን። ስንወርድም ያው ነው፣ በተገላቢጦሽ። የቸርች ልጆች ይህን ትርዒት ለምደውት፣ ከጸሎት ስንወጣ ተሰልፈው «አንድ! ሁለት! ሆ!» ይሉልን ነበር። እማዬም አብራቸው ትስቃለች። እሷ መሳቋ ነበር እኔን ከሁሉ በላይ የሚያቃጥለኝ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አንድ እሁድ ዝናብ አባርቶ መሬቱ ገና ሲያንሸራትት፣ «ሁለት!» ሲሉ የእማዬ እግር ከሳጥኑ ላይ አዳለጠና እኔ ላይ ወደቀች፣ ሁለታችንም ጭቃ ውስጥ ተዘረርን፣ ጉርዷም ተገልቦ የውስጥ ልብሷ ታየ። የክፍሌ ልጆች ሁሉ ነበሩ። ያን ቀን ቤት ስንደርስ ዳቦዬን ወርውሬ፣ አባዬን ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ «ከእንግዲህ አልገፋም፤ ወይ ዳማን አሳጥራት፣ ወይ እማዬ ቤቷ ትቀመጥ!» አልኩት። እማዬ ጓዳ ነበረች፤ ሰምታለች። በሚቀጥለው እሁድ ራሴን አሞኛል ብላ ቀረች፤ በሚቀጥለውም፤ በሚቀጥለውም። ስትዘምር ድምጿ ከቸርቹ ቆርቆሮ በላይ ይሰማ የነበረች ሴት፣ ስድስት እሁድ ሙሉ በር ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ስትልጥ ዋለች።

አባዬ አልቻለም። በኅዳር፣ መሬቱ ሲደርቅ፣ ዳማን ይዞ ባምባሲ ወደ ጋሽ ሐሩን ሄደ፤ እኔም አብሬው ሄድኩ። ጋሽ ሐሩን በርታ ነው፤ ሙያውን ሱዳን ተሻግሮ ዳማዚን ጋራዥ ውስጥ የተማረ፣ ከአንድ ትልቅ ማንጎ ዛፍ ሥር የሚሠራ መካኒክ። አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም፤ እኔን ዕድሜውን ሙሉ «አንተ ልጅ» እንዳለኝ ሞተ፣ አንድም ቀን አልከፋኝም። የአባዬን ሐሳብ ሲሰማ ሳቀበት። «ገመቹ፣ ሰው መኪና ከፍ አድርግልኝ ይላል፣ አንተ ዝቅ አድርግልኝ ትላለህ! መኪና ቁመቱ ለጌጥ አይደለም። ዝናብ መጣ፣ ጭቃ መጣ፣ ሆዱ መሬት ነካ፣ ኸላስ!» አለው። አባዬ ጎንበስ ብሎ የስድስቱን እሁድ ነገር በጆሮው ነገረው። ጋሽ ሐሩን እጁን በጨርቅ ጠረገና፣ «ለጫልቱ ነው? መዓሌሽ፣ ግድ የለም፣ እንሠራለን» አለ። ግን ለበጋ ብቻ ነው፣ በግንቦት ወደ ቁመቱ እንመልሰዋለን ብሎ አስማለው።

አራት ቀን ፈጀ። በክሪክ አንስቶ ድንጋይ ላይ አቆማት፤ የዛጉትን ቡሎኖች ናፍጣ አጠጥቶ አሳደራቸው፣ የዛገ ቡሎንና ኩሩ ሰው በጉልበት አይፈታም እያለ። ከአራቱም ማዕዘን ካሉት ባሌስትራዎች ላይ ሁለት ሁለት ብረት አወጣ፣ አንድ አጭርና አንድ ረጅም። ብረት በብረት እንዳይፋጭ መሃሉ የሚገቡትን ያረጁ ጎማዎች ሁሉ በአዲስ ለወጣቸው፤ ዝቅ ስትል እንዳትንገጫገጭ ደግሞ በሱዳን ድንበር በኩርሙክ በኩል አዲስ ሾክ አብዞርበር አስመጣላት። ከወጡት ስምንት ብረቶች አጫጭሮቹን አራቱን እንደፈለግህ አድርግ አለው አባዬን። ረጃጅሞቹን ግን ለብቻ አስቀመጠና፣ «ይሄ እግሩ ነው። እግር አይሰጥም» አለ። ከዚያም እኔን አጠገቡ አስቀምጦ፣ አባዬም ቆሞ እያየ፣ በያንዳንዱ ረጅም ብረት ላይ፣ ከመሃል ቀዳዳው ጎን፣ በሹል ብረትና በመዶሻ ነጥብ መታበት፤ ለአንዱ ማዕዘን አንድ፣ ለሌላው ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ሲመለሱ እያንዳንዳቸው ቦታቸውን እንዳይስቱ። «አየህ አንተ ልጅ? ብረትም ቤቱን ያውቃል» አለኝ።

ዳማ ወደ ቤት የተመለሰችበትን ከሰዓት በኋላ ሞቼ ካልሆነ አልረሳውም። ሆዷ ወደ መሬት ቀረብ ብሎ፣ ለስለስ ብላ፣ ያለ ኮሽታ ግቢ ገባች። አባዬ የእማዬን በር ከፍቶ ቆመ። እማዬ መጥታ ቀኝ እግሯን አነሳች፤ ደረሰላት፤ ጎንበስ ብላ ገባችና ተቀመጠች። ሳጥን የለ፣ እኔ የለሁ። ከዚያ እጇን ዘርግታ በሩን ራሷ ዘጋችው። መልሳ ከፈተችው፤ ዘጋችው። እንደገና ከፈተችና ዘጋችው። እስከዚያ ቀን ድረስ የባሏን መኪና በር በገዛ እጇ ዘግታ እንደማታውቅ ያኔ ነው የገባኝ። አባዬ ፊቱን ወደ በቆሎው ጎተራ አዞረ፤ ወንድ ልጅ አለቀሰ እንዳይባል።

ከዚያ በኋላ የነበረው በጋ! እማዬ ቤት መዋል ተወች። እሁድ ቸርች፣ ቅዳሜ አሶሳ ገበያ፣ ሳምንቱን ደግሞ የታመመ ልጠይቅ፣ የወለደች ልይ እያለች አባዬን መድረሻ አሳጣችው። ማንጎው ሲደርስ ሦስታችን ጋቢና ውስጥ ተጣብበን፣ የኋላው ተቆልሎ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ እሷ እየዘመረች፣ የማንጎ ጭማቂ በክንዴ እየወረደ በአስፋልት አልባው መንገድ አቧራ ለብሰን እንሄዳለን። የቸርች ልጆች የሚቆጥሩት አጥተው ተበተኑ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባላል፤ እኛንም ያ በጋ አሳስቆ አሳስቆ ነው የወሰደን።

በእኛ አገር የእርሻ ወቅት ሲቃረብ ባሌስትራ እንደ ወርቅ ነው። ለመቆፈሪያ የሚሆን ከሱ የሚሻል ብረት የለም፤ ያለው ሰው ሲለመን እንቢ ማለት ነውር ነው፣ የጎረቤትን እህል እንደ መከልከል ይቆጠራል። አጫጭሮቹ አራት ብረቶች ሳይውሉ ሳያድሩ ሄዱ፤ አንዱ ለመንደሩ ቀጥቃጭ ለጋሽ ይማም ራሱ፣ ሦስቱ ለጎረቤት መቆፈሪያ። ረጃጅሞቹን ግን አባዬ በጆንያ ጠቅልሎ ጎተራው ጣራ ሥር አግዳሚው ላይ ሰቀላቸው። ጋሽ ሐሩን እንኳ በሚያዝያ መጥቶ ለሌላ ደንበኛ መኪና አንዱን አውሰኝ ቢለው፣ አንተው አይሰጥም ብለህ የለም ወይ ብሎ ሳቀበትና ከለከለው።

በዚያው ሳምንት እራት ላይ አባዬ ደመናውን ገና እያየ፣ ወሩ ሲያልቅ ዳማ ወደ ቁመቷ ትመለሳለች አለ። እማዬ ወደ እኔ ዞር ብላ ፈገግ አለችና፣ «ሌንሴ፣ ያ ሳጥን ወዴት ነበር የተቀመጠው?» አለችኝ። ለቀልድ ነው። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ «አንድ! ሁለት! ሆ!» በጆሮዬ ጮኸብኝ። በማግስቱ አባዬ አሶሳ ሄዶ፣ እማዬ ለቅሶ ሄዳ፣ ጎተራው አግዳሚ ላይ ወጣሁና ብረቶቹን አወረድኳቸው። አንድ በአንድ፣ በትከሻዬ ተሸክሜ፣ አራት ጊዜ ተመላልሼ ወደ ጋሽ ይማም ቤት አጋዝኳቸው፤ የአራተኛው ጉዞ ላይ ትከሻዬ ደምቶ ነበር። ጋሽ ይማም ጠርጠር አደረገና፣ «አብሽሪ ልጄ፤ አባትሽ ነዋ የላከሽ?» አለኝ። አዎ አልኩት። ይቺን አንዲት ቃል እስካሁን መልሼ አልዋጥኳትም።

ጋሽ ይማም ሦስቱን መቆፈሪያ አድርጎ ለሰው አከፋፈላቸው፤ ያየ ሁሉ ከአጫጭሮቹ የተሠሩ መሰለው። ከአራተኛው ለእማዬ ከነእጀታው ቢላዋ ሠራላት፣ የመሰነባበቻ ስጦታ ብሎ፤ በዚያ ሰሞን ብዙ የወሎ ሰዎች ወደ አገራቸው ይመለሱ ነበር፣ እሱም ጓዙን ጠቅልሎ ሊሄድ ነው። አባዬ ቢላዋውን አገላብጦ አይቶ፣ ያቺ የሰጠሁት አጭር ብረት ለቁም ነገር ዋለች ብሎ ደስ አለው። ጋሽ ይማም በሳምንቱ ሄደ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ተነፈስኩ።

ግንቦት ገባና አባዬ ጎተራ ወጣ፤ ጆንያው ባዶ ነው። ወለሉን ፈተሸ፣ እህሉን ገለበጠ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ አሰበ። ብረቶቹ የት እንዳሉ ከቤተሰቡ ሌላ የሚያውቅ ማን ነው? በቅርቡ መጥቶ የለመነና የተከለከለ ማን ነው? እኔን አስከትሎ በዳማ ባምባሲ ሄደ። ማንጎው ዛፍ ሥር፣ በሰው ፊት፣ «ሐሩን፣ ብረቴን መልስ» አለው። ጋሽ ሐሩን መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ነበር። ከዚያ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። «ወላሂ አልነካሁም። ገመቹ፣ እኔ ብረት እጠግናለሁ፣ ብረት አልሰርቅም» አለ። ሌላ ብረት ፈልጌ ክረምቱ ሳይበረታ ላንሳልህ ብሎም ለመነው። አባዬ፣ ያ ሰው ማስቀየም የማያውቀው አባዬ፣ ከእንግዲህ እጅህ ዳማን አይነካም ብሎት ዞረ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይላሉ፤ እኔ ከዳማ በር አጠገብ ቆሜ ነበር፣ አፍ ነበረኝ፣ ምላስ ነበረኝ። ዝም አልኩ። ለምትክ ብረት ነቀምት ድረስ መልእክት ተላከ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል እየተባለ ሰኔ አለቀ።

ሐምሌ ላይ እማዬ ወባ ያዛት። እኛ አገር ወባ የማያውቀው ሰው የለም፤ ሁለት ቀን ያንዘፈዝፋል፣ ኪኒን ይዋጣል፣ ይነሳሉ። የእሷ ግን ሦስተኛው ቀን ላይ ወደ ጭንቅላቷ ወጣ፣ መዘባረቅ ጀመረች፤ የክሊኒኩ ነርስም ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው፣ ዛሬውኑ አሶሳ ሆስፒታል አድርሷት አለ። ጠዋት ነበር። አባዬ አቅፎ ዳማ ውስጥ አስገባት፣ እኔ አጠገቧ ሆኜ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ከመንደራችን ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣው ጭቃ፣ ከውጭ የሚመጡ ከባድ መኪኖች ሲመላለሱበት ጎማቸው የሄደበት ሁለት ቦይ ሆኖ፣ መሃሉ እንደ ግመል ጀርባ አብጦ ነበር። ዳማ ቀጥ ብላ ብትቆም ኖሮ በላዩ ታልፈው ነበር። ዝቅ ያለችው ዳማ ግን ወንዙን ተሻግራ ጥቂት እንደሄደች ሆዷ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ አራቱም ጎማ በባዶ ይሽከረከራል፣ ወደፊትም የለ፣ ወደኋላም የለ።

አባዬ በእጁ ቆፈረ። ሰው እየሮጠ መጣ፤ መቆፈሪያ ይዘው መጡ፣ እኔ ከጋቢናው ሆኜ አያቸዋለሁ፣ ከዳማ ገላ የወጡት ብረቶች ከዳማ ሥር ጭቃ ይዝቃሉ። ዝናቡ ያወጡትን መልሶ ይሞላዋል። ጋሽ ሐሩንም ሰምቶ ክሪኩን በትከሻው ተሸክሞ በእግሩ መጣ፤ ጭቃው ውስጥ በደረቱ ተኝቶ ጣውላ እያስገባ ያነሳ ጀመር። እማዬ አንድ ጊዜ ዓይኗን ገለጠች። «ሌንሴ፣ ዛሬ ብቻዬን ነው የገባሁት አይደል?» አለችኝ። አዎ እማዬ አልኳት። «በሩን እኔ ልዝጋው» አለች፤ በሩ ተዘግቶ ነበር። እኔም ከፈትኩላትና እጇን ይዤ አብሬያት ዘጋሁት። ጋሽ ሐሩን የፊተኛውን ጎማ ነፃ ሲያወጣ ሰዉ እልል አለ፤ እሷ ግን ያኔ ጭኔ ላይ ከብዳኝ ነበር።

አባዬ ከጭቃው ተነስቶ፣ ከራስ እስከ እግሩ ቀይ አፈር ሆኖ፣ ወደ ጋሽ ሐሩን ዞረ። «አንተ ነህ የገደልክብኝ» አለው። ጋሽ ሐሩን ክሪኩን እዚያው ጥሎ፣ ጭንቅላቱን ደፍቶ በመጣበት ሄደ። ያን ጊዜም ዝም አልኩ። ልጅ ነበርሽ የሚለኝ ሰው ይኖራል፤ አሥራ አንድ ዓመት እውነቱን ለማወቅ ይበቃል፣ እኔ ነኝ ለማለት ግን አልበቃኝም።

ዳማን ከዚያ በኋላ የነዳት የለም። ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮ ጋቢናዋ ውስጥ እንቁላል ትጥል ነበር፤ በመጨረሻ ቆራርጠው ወሰዷት። አባዬ ጋሽ ሐሩንን መንገድ ላይ ሲያገኘው ማዶ እየተሻገረ ስድስት ዓመት አለፈ። ከዚያ እኔ ለመምህራን ማሠልጠኛ ልሄድ ስዘገጃጅ የእማዬ ቢላዋ እጀታ በስብሶ ወለቀ፣ አባዬም በር ላይ ተቀምጦ አዲስ ሲጠርብለት ዋለ። በማግስቱ ለቀብር ብቻ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ፣ በእግሩ፣ ባምባሲ ሄደ። ማንጎው ዛፍ ሥር ተንበርክኮ የጋሽ ሐሩንን ጉልበት እንደሳመ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ተቃቅፈው እንደ ሕፃን እንዳለቀሱ ከሰው ሰማሁ። ቸርቹ ልቡን አለዘበው አልኩ። ጋሽ ሐሩን ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ቤታችን ይመጣ ነበር፤ እኔን ሲያየኝ እንደ ወትሮው «አንተ ልጅ፣ ሰላም ነህ?» ይለኛል፣ ጭንቅላቴን ይዳብሰኛል። ስሄድ አባዬ ቢላዋውን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። «እጀታውን አጥብቄ ሸፍኜዋለሁ ልጄ። ከእንግዲህ አይከፈትም» አለኝ። እንደ አናጺ በሥራው የሚመካ መሰለኝና ሳቅሁ።

ሁለቱም የሉም። ጋሽ ሐሩን ቀድሞ ሄደ፤ አባዬ ያረፈው መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ስለነበር ለአፈሩ እንኳ አልደረስኩም። ያቺ ዳማ የተቀመጠችበት መንገድ ዛሬ ተደልድሏል፣ ወንዙም ድልድይ አለው፣ በባጃጅ ያልፉበታል። ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም።

ይህን ሁሉ ሳስብ ዮናስ እጁን ጠርጎ ቢላዋውን አነሳ። የመዳቡን ሽቦ ፈታ፣ የተሰነጠቀውን እንጨት አወለቀ፣ እጀታው ውስጥ ተደብቆ የኖረውን ባዶ ብረት ወደ ፀሐይ አዞረው። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ባሌስትራ ነው!» አለኝ በመደነቅ። «የመሃል ቀዳዳው ግማሹ ይኸው። ከጎኑ ደግሞ ነጥብ ተመትቶበታል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።»

አጫጭሮቹ ነጥብ አልነበራቸውም። ነጥብ ያላቸው አራቱ ረጃጅሞቹ ብቻ ናቸው፤ ይህንን ደግሞ ከእኔና ከጋሽ ሐሩን ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። አባዬ ያን ቀን በር ላይ ተቀምጦ እጀታ ሲቀይር እነዚህን ሦስት ነጥቦች አይቷል። ብረቱን ጋሽ ይማም ዘንድ ማን እንዳደረሰው ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም፤ ያን ሰሞን ትከሻዬ ላይ የነበረውን ቁስል ቅቤ የቀባልኝ እሱ ነው። በማግስቱ ኮቱን ለብሶ ሄዶ የእኔን ይቅርታ እሱ ለመነልኝ። ጋሽ ሐሩንም ሰምቷል፤ ሰምቶም ጭንቅላቴን ዳብሷል። እኔ ሠላሳ ዓመት ብቻዬን የተሸከምኩ ሲመስለኝ፣ ሁለት ሰዎች አውቀው፣ ሆድ ይፍጀው ብለው፣ አፈር ይዘውት ገቡ። ምነው አባዬ፣ ምነው አንድ ቀን በጥፊ ባልከኝ! ምነው አንድ ቀን ለምን ብትለኝ፣ እኔም ጮኼ አልቅሼ፣ እግርህ ላይ ወድቄ ይወጣልኝ ነበር። አሁን ለማን ልንገር? እግሩ ላይ የምወድቅለት ሰው ብፈልግ የቀረኝ አንድ ተከራይ ነው፤ እሱም ከደብረ ብርሃን።

ዮናስ እንባዬን አይቶ ተደናገጠ። ጥሩ እንጨት አለኝ እትዬ፣ አሁኑኑ አዲስ እጀታ ጠርቤ ሸፍኜ እሰጥዎታለሁ አለኝ።

ተወው አልኩት። እንዲሁ ይታይ።